ቴንሽን ሲይዛችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ከየት እንደመጣችሁም ጻፉልኝ

ሦስተኛ_ፎቅ፦

ሰላም ሰዎች። ሚድ ፈተና ሊገባ ነው፣ እኔ ደግሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰአት ላይ ልቤ እየደለቀ መንቃት ጀምሬያለሁ። ቅዠት የለም፣ ያየሁት ነገር የለም፣ ብቻ አይኔ ቁልጭ ይላል ከዛ ያላነበብኩት ሀንድአውት፣ ያላስገባሁት አሳይመንት፣ እማዬ ስትደውል ያልነገርኳት ነገር ሁሉ ተራ በተራ ይመጣል፣ እስኪነጋ ጣራ ላይ ማፍጠጥ ነው። ሦስተኛ አመት ነኝ ስድስት ኪሎ፣ የመጣሁት ከደሴ።

አሁን ጥያቄዬ ምን መሰላችሁ፣ ዶርም ውስጥ አራት ነን፣ የመጣነውም ከአራት አቅጣጫ ነው፣ ቴንሽን ሲመጣ ሁላችንም ወደየራሳችን እንሄዳለን። የጅማዋ ልጅ ትነሳና ውዱእ አድርጋ ትሰግዳለች፣ ከዛ ምንም እንዳልተፈጠረ ትተኛለች፣ ቅናት ነው የሚይዘኝ። የጎንደር ገጠሯ ደግሞ ልብስ ማጠብ ትጀምራለች፣ የምሬን ነው፣ ፈተና ሲደርስ የሷ ነጠላ እንደሚነጣው በአውዳመት እንኳን አይነጣም፣ ውሃ ከጠፋ ጀሪካን ይዛ ሌላ ብሎክ ድረስ ትሄዳለች። ያዲስ አበባዋ ኢርፎኗን ሰክታ ቲክቶክ ውስጥ ትገባለች፣ አርብ ሲሆን ቤቷ ሄዳ እሁድ ማታ ትመለሳለች፣ ስትመለስ ግን ከሄደችበት ብሶባት ነው የምትመጣው፣ ቤተሰቧ ጋ ደርሳ፣ የናቷን ወጥ በልታ፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። እኔ ቡና ነው። ቡናና ዝም ማለት።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ወይ "ጸልዪ" ይለኛል ወይ "ፈታ በይ" ይለኛል። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። እናንተ የምር የሚሰራላችሁ ምንድነው? ከየት እንደመጣችሁ ጻፉ ያልኩት ካደግንበት ጋር የሚያያዝ ነገር ያለው ስለሚመስለኝ ነው።


ብቸና_ጂሲ፦

አይዞሽ እህቴ። እኔ ከጎጃም ነኝ፣ ስሜ ላይ እንደምታዪው፣ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ ማለትም ኤግዚት ኤግዛም ከፊቴ ተገትሯል። ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም ዲፓርትመንት ግዴታ ነው ታውቂያለሽ፣ ሲጂፒኤህ ሦስት ነጥብ ምናምን ይሁን አይሁን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠህ 50 ከመቶ ካላመጣህ ዲግሪ የለም። ደግሞ መፈተን ይቻላል ይሉሃል፣ ይቻላል እሺ፣ ግን አባቴን "ትምህርቱን ጨርሻለሁ ግን አልተመረቅኩም" ብዬ በምን ቋንቋ ላስረዳው? ለሱ ጨረሰ ማለት ጋዋን ለብሶ ፎቶ ተነሳ ማለት ነው፣ ፎቶው የሚሰቀልበት ቦታ ግድግዳው ላይ ተዘጋጅቷል።

አባባ ሲደውል የሚጠይቀኝ ጤናዬን፣ ምግቡን፣ ከዛ "ትምህርቱስ?" ይለኛል፣ እኔ "ደህና ነው" እላለሁ፣ እሱ ስለ ዝናቡና ስለ ማዳበሪያው ዋጋ ይነግረኛል፣ አለቀ። ለትራንስፖርቴ ወይፈን የሸጠ ሰውዬ ጋ ደውዬ "አባባ እንቅልፍ እምቢ አለኝ" አልልም። እሱም እኮ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ያውቃል፣ ግን እኛ ጋ ይሄ አይወራም፣ የከፋው ሰው ተቀመጥ አይባልም፣ ማጭድህን ይዘህ ትወጣለህ። ስለዚህ ያቺ ልብስ የምታጥበውን ልጅ እኔ በደንብ ነው የገባችኝ፣ አትሳቁባት፣ እጇ ሲሰራ ጭንቅላቷ ያርፋል።

የኔ መላ ግን ያገር ልጅ ነው። ማታ ላውንጅ እንገናኛለን፣ አንድ ሽሮ ለሦስት አዘን ዳቦ እየጨመርን እንበላለን፣ ስለ ትምህርት የሚያወራ የለም መጀመሪያ። ባለፈው ሰሚስተር አንዱ ልጃችን ውጤቱ ወርዶ ዋርኒንግ መጣበት፣ ሁለት ቀን ተደብቆን ሦስተኛው ቀን መጥቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ ግሬዱን አሳየን። ማንም አልመከረውም። "ኧረ ጉድህ ፈላ" ብለን ሳቅንበት፣ እሱም ሳቀ፣ ከዛ አንዱ የሲኒየር ወርክሺት አመጣለት፣ አንዱ ማታ ማታ ላስረዳህ አለው፣ ወጣበት። እሁድ ደግሞ ግቢ ጉባኤ አለ፣ መዝሙሩም ስብከቱም እንዳለ ሆኖ ለኔ ትልቁ ነገር እዛ የሚጠብቀኝ ሰው መኖሩ ነው፣ ከቀረሁ "የት ጠፋህ" ብሎ ዶርም ድረስ የሚመጣ ሰው አለ።


አራዳው፦

ኧረ ጀለሴ ይሄን ሁሉ ከምትጽፊ ትንሽ ቃም አድርጊበት፣ ሌሊቱም ያልፋል ሀንድአውቱም ያልቃል ሃሃሃ


የመርካቶ_ልጅ፦

አራዳው አንተ ልጅቷ እንቅልፍ አጣሁ ነው እያለች ያለችው፣ እንቅልፍ የሚያሳጣ ነገር ነው የምታዝላት? በርበሬ ለገባበት አይን ሚጥሚጣ!

ስለ ጫት እኔን ጠይቁኝ፣ ያደግኩበት ሰፈር ነው፣ አምስት ኪሎም ኢንጂነሪንግ እየተማርኩ በየፈተናው አያለሁ። ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ አሰራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል፣ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ስለሚበላሽ ነው ሰው ትኩስ ትኩስ እያለ የሚሯሯጠው። ምርቃናው ላይ እያለ ልጁ መጽሐፉን በሙሉ የጨረሰው ይመስለዋል፣ እስክሪብቶ ይዞ ሁሉንም መስመር ያሰምራል፣ ገጹ በሙሉ የተሰመረበት መጽሐፍ አይቼ አውቃለሁ፣ ጠዋት ጠይቁት ምን አነበብክ በሉት። ሲወርድ ደግሞ ድብርቱ አለ፣ ድብርቱን ለመስበር ጨብሲ ብለው መጠጥ ይሄዳሉ፣ ሌላ ወጪ ሌላ ራስ ምታት፣ አቁሞ ልተኛ ሲል ዱካክ የሚሉት የጫት ቅዠት ይጫጫነዋል። ይሄ ጭንቀትን መቋቋም አይደለም፣ ከነገ መበደር ነው። ደግሞ የሚገርመው ሁሉም ሰው ጫት ሲባል ወደኛ ነው የሚያየው፣ አምስት ኪሎ የማውቃቸው ቃሚዎች ከየትም ከየትም የመጡ ናቸው፣ ፈተና ዘር ሃይማኖት አይለይም።

የጅማዋን ልጅ በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልበል። ሶላት የስትረስ መድኃኒት ተብሎ አይሰገድም፣ እኛ ዘንድ ግዴታ ነው፣ ተደሰትክም ተከፋህም ትሰግዳለህ፣ እና አንቺ "ቀናሁባት" ስትዪ እሷ የሆነ ዘዴ አግኝታ አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ በቀን አምስት ጊዜ የያዘችውን ትታ መነሳት ለምዳለች፣ ውሃ ፊቷን ይነካል፣ ግንባሯ መሬት ይነካል፣ ላይብረሪ ስድስት ሰአት ሙሉ እንደ ድንጋይ ተቀምጣ አትውልም። እኔ ራሴ ኮድ እየጻፍኩ አልሰራ ብሎኝ ዙህር ደርሶ ተነስቼ ስመለስ ስህተቱን ቁጭ ብሎ ነው ያገኘሁት፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ሆኗል። ዘንድሮ ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተው አብዛኛው ዶርም ጿሚ ነበር፣ እኛ ለሱሁር ስንነሳ የኦርቶዶክሶቹ ልጆች "ለኛም ቀስቅሱን ልናነብ ነው" ይሉን ነበር፣ ጥሩ ጊዜ ነበር ባጠቃላይ።


ሲዋን_ጋዋን፦

ሕክምና ተማሪ ነኝ፣ ክሊኒካል የገባሁት ዘንድሮ ነው፣ ሰአት ስለሌለኝ ቶሎ ቶሎ እጽፋለሁ።

ሦስተኛ_ፎቅ፣ የመጨረሻዋን ቡና ስንት ሰአት ላይ ነው የምትጠጪው? ካፌይን ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰአት አካባቢ ይፈጃል፣ ሰው በሰው ይለያያል ግን ማታ አንድ ሰአት የጠጣሽው ስኒ እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ ደምሽ ውስጥ እየዞረ ነው። ላይብረሪ ተዘግቶ ስትወጪ ከበር ላይ ጀበና ካለ አልቋል፣ አቦል ቶና በረካ ብለሽ ገብተሽ እንዴት ልብሽ አይደልቅ። ሌላው ደግሞ ኮርቲዞል የሚባለው ሆርሞን በተፈጥሮው ወደ ንጋት ላይ ከፍ እያለ ነው የሚመጣው፣ ያን ሰአት እንቅልፍ ስስ ይሆናል፣ የተጨነቀ ሰው ያኔ ቢነቃ የሚገርም ነገር የለውም። ማበድሽ አይደለም ለማለት ነው። ቡናውን ወደ ምሳ ሰአት አምጪው፣ ሌሊት ከነቃሽ ስልኩን አትንኪ፣ ትንፋሽሽን ስታስወጪ ካስገባሽበት ረዘም አርጊው ደጋግመሽ፣ ልብ ምት ይቀንሳል፣ ይሄ የሰውነት አሰራር ነው እምነት አይጠይቅም። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ማጥናት የሚባለውን ደግሞ እርሺው፣ ያነበብሽው ነገር ተደላድሎ የሚቀመጠው ስትተኚ ነው።

እኛ ጋ ያለው መቋቋሚያ ቀልድ ነው፣ ከየት መጣሽ ብትዪኝ ከአዳማ ነኝ ግን ዋርድ ከገባሽ በኋላ ሁሉም ሰው ከአንድ ቦታ የመጣ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ታሪኩን የወሰድኩለት ሽማግሌ፣ "ልጄ ጽሕፈትሽ ያምራል" ያሉኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት ራውንድ ላይ አልጋቸው ባዶ ነበር፣ ፍራሹ በበረኪና ተጠርጎ ገና አልደረቀም። ሲኒየሩ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ፣ እኛም አለፍን። ከዛ ካንቲን ወርደን ማኪያቶ ጠቆረ ነጣ ብለን ስንከራከር ነበር፣ ውጪ ያለ ሰው ቢሰማን አውሬዎች ይለን ነበር። ቀልዱ ቀኑን ያሳልፋል፣ አይካድም። ግን ማታ ለእህቴ ደውዬ ስለ ሽማግሌው ስነግራት ነው ያለቀስኩት፣ የቀለለኝም ያኔ ነው። ዲዩቲ አለብኝ ቻው።


ፒያሳ_ነበርኩ፦

ያዲስ አበባዋ ልጅ ለምን ብሷት እንደምትመለስ እኔ ልንገርሽ፣ ማንም ስለኛ አይጽፍማ። ክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ ሁሉ እኛን ሲያየን ቤታችን ስላለን ጭንቀት የሌለብን ነው የሚመስለው፣ "አንቺ ምን አለብሽ እናትሽ ጋ ነሽ" ይሉናል፣ ከሁሉ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

እሺ እናቴ ጋ ነኝ። የናቴ ቤት ውስጥ ማጥኛ ክፍል የለም፣ ቴሌቪዥኑ አለ፣ ሁለት ታናናሾች አሉ፣ እንግዳ አለ፣ ቅዳሜ እድር አለ፣ ሴት ልጅ ስለሆንኩ ደግሞ መጽሐፍ ይዤ ተቀምጬ ሽንኩርት ሳልልጥ አልውልም፣ ወንድሜ ግን ሲያጠና "ዝም በሉለት" ይባላል ይሄን እዚህ ላይ መዝግቡልኝ። ከዛ የአክስቴ ልጅ ወሬ አለ፣ ካናዳ የሄደችው፣ እሷ ይሄን ላከች እሷ ያን ገዛች፣ ወሬው ወደኔ ባይዞርም ወደኔ እንደሆነ አውቃለሁ። ቤት ሄዶ መምጣት ለኛ እረፍት አይደለም፣ ሌላ ፈረቃ ነው። እናንተ "ደህና ነው" ብላችሁ ስልኩን ትዘጋላችሁ፣ እኛ ፊታችን ነው የሚነበበው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሰፈራችን 2016 ላይ ሲፈርስ አራብሳ ነው የደረሰን። ቤቱ ጥሩ ነው፣ መታጠቢያ ቤት አለው፣ ውሸት አልናገርም እናቴ ደስ ብሏታል በዛ በኩል። ግን ድሮ ከስድስት ኪሎ ቁልቁል በእግሬ ወርጄ ቤቴ የምደርስ ልጅ አሁን ጠዋት አስራ አንድ ሰአት ተነስቼ አውቶቡስ ተጋፍቼ፣ መገናኛ ተሰልፌ፣ አራት ኪሎ ወርጄ ነው ክላስ የምገባው፣ ስገባ ቀኑን የጨረስኩ ነው የሚመስለኝ። እሱም ይሁን ይለመዳል። ያልለመድኩት ሰዎቹን ነው። ብቸና ስላገር ልጅ ሲያወራ ቀናሁ በእውነት፣ የኔ ያገር ልጆች አንድ ግቢ ውስጥ አብረውኝ ያደጉት ነበሩ፣ ሲከፋኝ በር ላይ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ስል ሳልጠራቸው ይመጡ ነበር፣ ምን ሆንሽ እንኳን አይሉም። አሁን አንዷ አንዱ ዳር ሌላዋ ሌላ ዳር፣ ለመገናኘት ቀጠሮ ይዘን፣ ቀጠሮ ይዘሽ ደግሞ አይከፋሽም፣ ለብሰሽ ስቀሽ ነው የምትሄጂው።

የሚሰራልኝ በእግር መሄድ ነው። ክላስ ሲያልቅ ከአንበሳ ግቢ በታች ጀምሬ በአምስት ኪሎ አራት ኪሎ፣ ከዛ ፒያሳ ድረስ እወርዳለሁ፣ የእግረኛው መንገድ አሁን ሰፊ ሆኗል መብራትም አለው፣ ሰፈሬን ያፈረሰው መንገድ ላይ ዘና ማለቴ ራሴን ያስቀኛል ግን ምን ታረጊዋለሽ። ለማጥናት ደግሞ አብርሆት፣ አራት ኪሎ ያለው፣ 2014 የተከፈተው፣ በነጻ ነው፣ ማንም ሽንኩርት ላጪ አይልሽም።


ሳይኮ_ምሩቅ፦

ሥነ ልቦና ነው ያጠናሁት፣ ሦስተኛ_ፎቅ ጥያቄሽ ጥሩ ስለሆነ ትንሽ ልዝለቅበት። ፍሬሽማን ላይ ሁላችሁም ጄኔራል ሳይኮሎጂ ወስዳችኋል፣ ለፈተና ሸምድዳችሁ ጥላችሁታል እንጂ እዛ ውስጥ ስትረስ የሚል ነገር አለ። ላዛረስና ፎክማን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1984 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሉት ነገር ባጭሩ፣ ሰው ሲጨነቅ ወይ ችግሩን ሊነካው ይሞክራል ወይ ችግሩ ያመጣበትን ስሜት ሊያስታግስ ይሞክራል። ወርክሺት ፈልጎ ማንበብ፣ አስተማሪ ማናገር፣ ኮርስ መቀነስ የመጀመሪያው ነው፣ ልብስ ማጠብ፣ መጸለይ፣ ቀልድ፣ በእግር መሄድ፣ ቲክቶክ ሁለተኛው። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ጎበዝ ሁለተኛው ሰነፍ ይመስለዋል፣ ስህተት ነው። ኤግዚት ኤግዛም በማንበብ ይነካል፣ የፈረሰ ሰፈር በምን ይነካል? የማይነካውን ነገር ልንካው ብሎ የሚታገል ሰው ነው የሚደክመው፣ የሚነካውን ትቶ ደግሞ ልብስ ሲያጥብ የሚከርም ሰው ፈተናው ቀን ይጠብቀዋል።

አሁን የናንተን ሁሉ ሳነብ ግን ልዩነቱን ዘዴው ላይ አላየሁትም። ሲዋን ለእህቷ ስትነግራት ነው የቀለላት፣ የብቸናው ልጅ ግሬዱን የሚያሳየው ሰው አለው፣ ፒያሳ ድንጋዩ ላይ የሚመጡላት ልጆች ነበሯት አሁን የሉም። እኔ አስተዳደግ ትልቁን ስራ የሚሰራው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ፣ ማን ፊት ወድቄያለሁ ማለት ይፈቀድልሻል የሚለው ላይ። ገጠር ያደገው ለአባቱ አይናገርም ግን ያገር ልጅ አለው፣ ከተማ ያደገው ፍላጎቱም ቃሉም አለው "ዲፕረስድ ነኝ" ብሎ ፖስት ያደርጋል፣ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰአት የሚደውልለት ሰው የለውም። ሦስተኛ_ፎቅ አንቺ ቡናና ዝም ማለት ብለሽ ጽፈሻል፣ ሲዋን ቡናውን ነካችው፣ እኔን ያሳሰበኝ ዝምታው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መዝጋቱ፣ ምንም ነገር አለማስደሰቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ ባለሙያ ጋ ሂጂ። ኑሮ ይቅርብኝ የሚል ሀሳብ ለማንም ቢመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፣ በዛው ሌሊት ሰው ይቀሰቀሳል፣ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። አገራችን ላይ የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው አማኑኤልን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እሱንም ለስድብ ነው የሚጠቀምበት፣ ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም የሳይካትሪ ክፍል አላቸው፣ ካርድ አውጥቶ መግባት ነው እንደ ሌላው በሽታ። ጸበልም ሄጄ እመለሳለሁ የምትሉ ሂዱ፣ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ግን መድኃኒቱን አቋርጦ አይሂድ፣ ሁለቱ አይጣሉም።


አራዳው፦

እሺ ተሸነፍኩ፣ ቡና እንኳን ተከለከለ በዚ ቤት


ሦስተኛ_ፎቅ፦

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፣ ፒያሳ ያንቺን ለዶርም ሜቴ አነበብኩላት፣ ኢርፎኗን አውልቃ "ማናት ይቺ ልጅ" አለችኝ፣ ከዛ እኩለ ሌሊት ድረስ ስለ አክስቷ ልጅ ስታወራልኝ ነበር፣ እሷም አንድ አላት፣ የሷ ደግሞ ዱባይ ነው።

ሳይኮ አንድ ጥያቄ፣ ግቢ ውስጥ ካውንስሊንግ ብሄድ የምናገረው ነገር ዲፓርትመንት ይደርሳል? ሰው እንደሱ ሲል ሰምቼ ነው የማልሄደው።


ሳይኮ_ምሩቅ፦

በሙያው ሕግ ሚስጥር ነው፣ ያንቺ ወይ የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በስተቀር። ገና ስትገቢ ራስሽ ጠይቂው፣ "የምነግርህ የት ይጻፋል፣ ማን ያየዋል" በዪው። በግልጽ ካልመለሰልሽ ሌላ ባለሙያ ፈልጊ፣ ነውር የለውም።


ፒያሳ_ነበርኩ፦

ቅዳሜ አብርሆት ነኝ ሦስታችሁም አራታችሁም ኑ፣ ልብስ የምታጥበዋንም አምጫት። ግን በጠዋት ነው፣ ካረፈዳችሁ ወንበር የለም።


ብቸና_ጂሲ፦

እኔም እመጣለሁ። የኤግዚት ሞዴል ጥያቄ በሶፍት ኮፒ ያለው ሰው በፍላሽ ይዞ ይምጣ፣ የኔ ስልክ ፒዲኤፍ ሲከፍት ይሞታል።